ሰናፍጭና ጤፍ፦ «አንዲት ስህተት የለበትም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከአምስት ሰው ተላከልኝ። የመጀመሪያዋ የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ «አንብበህ ለሰው ላክ» ብላ። ርዕሱ «መጽሐፍ ቅዱስ አንዲት ስህተት የለበትም፤ አለበት የሚል ያምጣ» ይላል። ከላዩ የጎንደሩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ፎቶ አለ፤ እነዚያ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል የሚያዩን መላእክት። ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ በተቀመጥኩበት ሳይቀር አንድ ልጅ ከስልኩ ጮክ ብሎ ለጓደኞቹ ሲያነበው ሰማሁ። ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ግማሹ ነቅንቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን አቃተኝ።

ይህን የምጽፈው መጽሐፉን ለማቃለል አይደለም። አማኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ የኔታ እግር ሥር ዳዊት ደግሜያለሁ። ቅኔ ቤት ገብቼ ብዙ ሳልቆይ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሸሸሁ እንጂ። ስለዚህ ሊቅ ነኝ አልልም። ግን ጽሑፉ ለመጽሐፉ ጠበቃ እሆናለሁ ብሎ ተነሥቶ መጽሐፉ ስለ ራሱ ያልተናገረውን ያናግረዋል። ጎንደር ላይ ደግሞ መጽሐፍ እንዲህ አልነበረም የሚነበበው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። እግዚአብሔር አይሳሳትም፤ መጽሐፉ ቃሉ ነው፤ ስለዚህ ሰማንያ አሐዱም መጻሕፍት በአንዲት ነገር አይሳሳቱም፣ በቁጥርም በታሪክም። ሁለተኛ፣ አንድ ስህተት ከተገኘ ሁሉም ይፈርሳል፤ «አንድ ክር ከተመዘዘ ሸማው ይተረተራል» ይላሉ። ሦስተኛ፣ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድ ፊደል አልተነቃነቀም። አራተኛ፣ ይጋጫሉ የተባሉት ቦታዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል። አምስተኛ፣ ሳይንስ ይመሰክርለታል። ስድስተኛ፣ አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያምኑት፤ ሌላ የሚል ካለ ከውጭ የመጣ ትምህርት ይዞ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ሲሰሙት ጥብቅ ይመስላል። ግን መሐል ላይ አንድ ሰው ጠፍቷል፦ ብዕሩን የያዘው ሰው። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር «ከሰማይ ወረደልኝ» አይልም። ብዙዎች ታሪኩን ሊጽፉ ሞክረዋል፣ እኔም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከትዬ በየተራው ልጽፍልህ ወደድሁ ነው የሚለው ቴዎፍሎስን። ጠይቆ፣ አጣርቶ የጻፈ ሰው ንግግር ነው።

ጳውሎስ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1ን አውጡና ቁጥር 14ን አንብቡ። ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ከእናንተ አንድም ሰው ስላላጠመቅሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ይላል። ሁለት ቁጥር ዝቅ እንዳለ ትዝ ይለዋል። ለካ የእስጢፋኖስንም ቤተ ሰዎች አጥምቋል! እሱንም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አጥምቄ እንደ ሆነ አላውቅም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ረስቶ ነበር፣ አስታወሰ፣ አረመ፣ የቀረውን ደግሞ አላስታውስም አለ። ሁሉም በሦስት ቁጥር ውስጥ። ቁጥር 14ን ሰርዞ አሳምሮ ማጻፍ ይችል ነበር። አላደረገውም። ያ ሰውኛ መርሳት እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል። መንፈስ ቅዱስ ይህ ሰው ከነመርሳቱ እንዲጽፍ ከፈቀደ፣ እኛ ምን ቤት ነን የምንጨነቅለት?

ጸሐፊው የጠቀሱት ጥቅስም ቢሆን፣ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 3፥16፣ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ለትምህርት፣ ለተግሣጽ፣ ልብን ለማቅናት ይጠቅማል ነው የሚለው። ይጠቅማል። ስለ ፈረስ ጋጣ ቁጥር ያለው ነገር የለም። የፈረስ ጋጣ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ የሰሎሞን ጋጣ በዕብራይስጡ መጽሐፈ ነገሥት 40,000 ሲሆን በዜና መዋዕል 4,000 ነው።

ወደ ሸማው ልምጣ፤ ከጽሑፉ ሁሉ የከፋኝ እሱ ነውና። አምና አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማታ መጥቶ በር አንኳኳ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ይሁዳ በማቴዎስ 27 ታንቆ ይሞታል፤ በሐዋርያት ሥራ 1 ደግሞ በግንባሩ ወድቆ ሆዱ ይፈነዳል። መሬቱን በማቴዎስ የገዙት ካህናቱ ናቸው፤ በሐዋርያት ሥራ ራሱ ነው። «ጋሼ፣ እንግዲህ ሁሉም ተረት ነው ማለት ነው?» አለኝ። ማን እንዲህ ብሎ አስተማረህ ብዬ ስጠይቀው አንድ ሰባኪ «አንድ ስህተት ከተገኘ ሁሉም ውሸት ነው» ማለቱን ነገረኝ። እንግዲህ አስቡት። ልጁን ያናወጠው የይሁዳ አሟሟት አይደለም። የሸማው ምሳሌ ነው።

የጽሑፉ ጸሐፊ ለይሁዳ መልስ አላቸው፤ ታንቆ ሳለ ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ። ሊሆን ይችላል። አልከራከርም። ጥንትም ተብሏል። መሬቱን ማን ገዛው ለሚለውም፣ በእሱ ገንዘብ ስለ ተገዛ እንደ ገዛ ተቆጠረ ይላሉ። ይሁን። ግን መጽሐፉ የሚቆመው እነዚህ መልሶች ከተሳኩ ብቻ ነው ማለት፣ መጽሐፉን በገመድ ላይ ማንጠልጠል ነው። እኛ ሰዎች በሌላው ነገር እንዲህ አናስብም። ሁለት ሰፈር የተጣላ ጊዜ ሽማግሌ ሲቀመጥ ምስክሮቹ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተናገሩ፣ ሽማግሌው ጺሙን ይዳብስና «ተመካክረው ነው የመጡት» ይላል። አንዱ ከምሳ በፊት፣ ሌላው ከምሳ በኋላ ካለ ግን ጠቡ አልነበረም የሚል ሽማግሌ አላየሁም።

«አንድ ፊደል አልተነቃነቀም» ለሚለው ደግሞ ቤቴ ምስክር አለኝ። ከአያቴ የወረስኩት የብራና ዳዊት አለ፤ ማኅደሩ ያረጀ፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረ። መዝሙር 135 ላይ እያንዳንዱ መስመር «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» እያለ ነው የሚጨርሰው። ቁም ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ከአንዱ «ምሕረቱ» ወደ ሌላው «ምሕረቱ» ዘሎበታል። አንድ መስመር ቀረ። በኋላ ሲያስተያይ አገኘውና በደቃቅ ፊደል ከላይ ከኅዳጉ ላይ ጻፈው፣ መግቢያውንም በምልክት አሳየ። ሌላ ቦታ ደግሞ የተሳሳተውን በምላጭ ፍቆ እላዩ ላይ ጽፏል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት የተፋቀው ሻካራ ሆኖ ይታያል። በእጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ነው። እነዚያ ሰዎች ቃሉን ስለ ናቁ አልነበረም የሳቱት። በመቃ ብዕር፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ወገባቸው እየተቀነጠሰ ሲጽፉ ነው።

ጸሐፊው የአባ ገሪማን ወንጌል ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። በዚህ ኩራታቸውን እጋራለሁ። በካርቦን ምርመራ ዕድሜው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል፤ በዓለም ከሚገኙ ጥንታዊ ሥዕላዊ ወንጌሎች አንዱ ነው። ግን ጥንታዊ ማለት አልተለወጠም ማለት አይደለም። የግዕዙ ወንጌል በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛ ጋር እየተስተያየ ታርሟል። በግሪኩም ቢሆን በአራተኛው መቶ ዓመት የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ ብራናዎች፣ የሲናውና የቫቲካኑ፣ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ነው የሚያቆሙት። እኛ የምናነበው እስከ 20 ነው። ከቁጥር 8 በኋላ አንድ አጭር ፍጻሜ ያላቸው ሌሎች ብራናዎችም አሉ። የእኛ አባቶች ምን አደረጉ? በብዙ የግዕዝ ወንጌሎች አጭሩም ረጅሙም ተከታትለው ተጽፈዋል። አንዱን መርጠው ሌላውን አልቀደዱም። ይህ የሚደነቅ ነገር ነው፤ «አንድ ፊደል አልተነቃነቀም» ከሚለው ጋር ግን አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስህተት የጸዳ ነው የሚለውን ትምህርት በዘመናችን አጥብቀው የጻፉት ፕሮቴስታንት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎ ላይ ተሰብስበው መግለጫ አውጥተው ነበር። እነሱ እንኳ ስህተት የለበትም ያሉት ነቢያቱና ሐዋርያቱ በእጃቸው ስለ ጻፉት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ደግሞ ዛሬ አንድም የለም። ጸሐፊያችን ከቺካጎም በላይ ሄደዋል፤ በእጃችን ያለውን ነው አንዲት ነቁጥ የለበትም ያሉት። ከውጭ የመጣ ትምህርት ማን ጋ እንዳለ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ራሳቸውን ጠልፈው ይጥላሉ። ንጉሥ ዮአኪን ሲነግሥ ዕድሜው ስንት ነበር? በዕብራይስጡ ሁለተኛ ነገሥት 24፥8 አሥራ ስምንት፤ ሁለተኛ ዜና መዋዕል 36፥9 ስምንት። ጸሐፊው «ይህ የገልባጭ ስህተት ነው፤ አሥሩ ቀርቶ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም የሚመስለኝ እንደዚያው ነው። ግን ከሁለት አንቀጽ በፊት አንድ ፊደል አልተነቃነቀም ብለው አልነበረም? አሥር ዓመት የሚያህል ነገር ከወደቀ ፊደል ተነቃንቋል ማለት ነው። ሦስተኛውን ከያዙ አራተኛውን መልቀቅ አለባቸው፤ አራተኛውን ከያዙ ሦስተኛውን።

የስቅለቱ ሰዓት ላይ የሰጡት መልስ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሆነው እንዴት እንደ ጻፉት ገርሞኛል። ማርቆስ 15፥25 ሲሰቅሉት ሦስት ሰዓት ነበር ይላል። ዮሐንስ 19፥14 ግን ጲላጦስ ገና «እነሆ ንጉሣችሁ» ሲል ስድስት ሰዓት ያህል ነበር ይላል። ጸሐፊው ዮሐንስ በሮማውያን አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ስለ ቆጠረ፣ የእሱ ስድስት ሰዓት ማለት በእኛ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብለዋል። ይህ ፈረንጆች ለፈረንጅ አንባቢ የሚጽፉት ማስታረቂያ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ከፀሐይ መውጫ ነው። ስድስት ሰዓት ሲባል ቀትር እንደ ሆነ ሕፃኑም ያውቃል። ስቅለት ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ የምንሰግደውስ? በስድስት ሰዓት ተሰቀለ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን ሰጠ እያልን አይደለም እንዴ? ደግሞ ያው ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ላይ ጌታ ደክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ሲቀመጥ ስድስት ሰዓት ነበር ይላል። የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ የሚሰብክ ሁሉ «በጠራራ ፀሐይ ውኃ ልትቀዳ መጣች» ነው የሚለው። ለሳምራዊቷ ቀትር፣ ለጲላጦስ ጎሕ? አንድ ወንጌላዊ ሁለት ሰዓት አላሰረም።

ለእኔ ትልቁ ግን ይህ አይደለም። ጸሐፊው ሰማንያ አሐዱም በቁጥር አይሳሳቱም ብለዋል። እንግዲያው ቁጥር እንቁጠር።

ለእንቁጣጣሽ ባሕረ ሐሳቡ ሲታወጅ ሁላችንም ሰምተናል። 5,500 ላይ የገባውን ዓመት ይደምሩና ዓመተ ዓለሙን ያወጣሉ፤ ለአራት አካፍለው ወንጌላዊውን ይነግሩናል። ያ 5,500 የቆመው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ላይ ካሉት ዕድሜዎች ጀምሮ እስከ ጌታ ልደት ያለውን ዘመን ግሪኩና ግዕዙ እንደሚሉት በመቁጠር ላይ ነው። በእነሱ አዳም ሴትን ሲወልድ 230 ዓመቱ ነው። በዕብራይስጡ 130 ነው። በብዙዎቹ አበው ላይ እንዲሁ መቶ መቶ ዓመት ልዩነት አለ። ሲደመር ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ በዕብራይስጡ 1,656 ዓመት፣ በእኛው ከ2,200 በላይ ይሆናል። በዕብራይስጡ ብንሄድ ለአዳም ተስፋ የተሰጠው አምስት ቀን ተኩል፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5,500 የሆነው፣ አይሞላም።

«የእኛው ነው ትክክሉ» ማለት ይቻላል። ደኅና። ታዲያ ኩፋሌስ? እሱም የእኛው ነው፤ ከሰማንያ አሐዱ አንዱ፣ ሙሉው በዓለም ላይ በግዕዝ ብቻ የተረፈ። ኩፋሌ ዘመንን በኢዮቤልዩ ይቆጥራል፤ አንዱ ኢዮቤልዩ 49 ዓመት፣ አንዱ ሱባኤ 7 ዓመት ነው። ምዕራፍ 6 ላይ ከፍጥረት እስከ ኖኅ ዘመን ሃያ ስድስት ኢዮቤልዩና አምስት ሱባኤ ይላል። 26 ጊዜ 49፣ 1,274። አምስት ሱባኤ 35። በድምሩ 1,309። ዘፍጥረታችን ከ2,200 በላይ፣ ኩፋሌያችን 1,309። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ፣ ሁለቱም በአንድ ቀኖና። ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚያህል ልዩነት በገልባጭ እንቅልፍ አይመካኝም። ሁለቱን የሚያነብ አንድ መምህር ይህን ሳያይ ይቀራል ብዬ አላምንም። አይቶም ሃይማኖቱን አልጣለም፤ መጽሐፉን የያዘው ለሌላ ነገር ነበርና።

ስለ ሳይንስ አጭር ልሁን። መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጥ። መጽሐፉን ለማሳጣት የሚደረደሩ ዝርዝሮች ብዙዎቹ ቀልድ ናቸው ብለዋል፤ እውነት ነው። ለምሳሌ ዘሌዋውያን 11 የሌሊት ወፍን ከወፎች ጋር ቆጠረ ብለው የሚስቁ አሉ። እኛስ «የሌሊት ወፍ» አይደል የምንላት? ይህ ስህተት ከሆነ አማርኛ ራሱ ንስሐ ይግባ።

ግን በዚህ አላቆሙም። የሰናፍጭ ቅንጣት ከዘር ሁሉ ታንሳለች የሚለው ሳይንሳዊ እውነት ነው ብለው ደመደሙ። ይህን ሳነብ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ በትንሽ ጣሳ ሰናፍጭ ገዛሁ። ቤት መጥቼ ነጭ ሳህን ላይ በተንኩት፤ ከጎኑ አንድ ቁንጥር ጤፍ። ሰናፍጩ ክብ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይንከባለላል፣ አንድ አንዱን መልቀም ይቻላል። ጤፉ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ጥፍር ሥር ይገባል። ባለቤቴ «በትነህ ስታበቃ ማን ሊለቅመው ነው?» ብላ ሄደች። ጤፍ ከሰናፍጭ ያንሳል፤ ይህን ለመካድ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ያስፈልጋል። ጌታ የተናገረው ለገሊላ ገበሬ፣ ገበሬው በሚያውቀው ዘር ነው። ከትንሽ ነገር ትልቅ ዛፍ ይወጣል ለማለት። ምሳሌውን የዘር ጥናት ያደረጉት ጸሐፊው ናቸው፤ ያኔ ነው ጤፍ የሚያሸንፈው።

ጥንቸል ያመሰኳል የሚለውንም፣ ጥንቸል ኩሱን መልሶ ስለሚበላ ማመስኳት ነው ብለዋል። ይህን ለአንድ የደምቢያ ከብት አርቢ ንገሩትና መልሱን ላኩልኝ። አፉ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ያመሰኳል አለ። ዓይን እንዳየው ነው የተጻፈው። በቃ።

የቀረው የአባቶች ነገር ነው። እዚህም ግማሹን እሰጣለሁ። አውግስጢኖስ ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ የቅዱሳት መጻሕፍት ጸሐፊዎች አልተሳሳቱም ብሎ በጽኑ ጽፏል። ከእውነት ጋር የማይስማማ ነገር ባገኝ ወይ ብራናው ተሳስቷል፣ ወይ ተርጓሚው አልገባውም፣ ወይ እኔ አልገባኝም እላለሁ ብሏል። ስለዚህ ትምህርቱ ትናንት የተፈጠረ ነው የሚሉትም ልክ አይደሉም። ግን አባቶች ሁሉ ባንድ ድምፅ አልተናገሩም። ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል የመጀመሪያ ድርሳኑ ላይ ወንጌላውያኑ በጥቃቅን ነገር መለያየታቸውን አይክድም። ይልቁንም ይህ ራሱ የእውነተኛነታቸው ትልቅ ማስረጃ ነው ይላል፤ በቦታ፣ በጊዜ፣ በቃል ሁሉ ቢስማሙ ኖሮ ጠላት ተማክረው ጻፉት ይል ነበር። ቅድም የነገርኳችሁ ሽማግሌ ከአፈወርቅ ጋር ነው ማለት ነው።

ደግሞስ የትኞቹ አባቶች? ጎንደር ላይ የአንድምታ፣ ማለት የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ጉባኤ ነበር፣ አለም። ታች ቤት የተባለውን የትርጓሜ ትምህርት ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ የተነሡት ከዚህ ነው። በዚያ ጉባኤ መምህሩ ንባቡን ያወርዳሉ፣ ይተረጉማሉ፣ ከዚያ «አንድም» ይላሉ። ደግሞ «አንድም»። ጥያቄውን ተማሪው ሳይጠይቅ ራሳቸው ያነሡታል፤ «ምነው እዚያ እንዲህ ብሎ እዚህ እንዲህ አለ ቢሉ» ብለው። ቃሉ በሌላ ብራና ተለውጦ ሲገኝም አይደብቁትም፤ «እንዲህ ቢል» ብለው ያንንም ይፈቱታል። እነዚህ ሰዎች «ያምጣ» ብለው አይፎክሩም ነበር። ራሳቸው ያመጡታል። አንዳንዱ ማስታረቂያቸው እኔን አያሳምነኝም፣ ይህን አልደብቅም። ግን አንድ ክር ቢመዘዝ ሸማው ይተረተራል ብለው ሲንቀጠቀጡ አላየሁም።

እንግዲህ ጸሐፊው «ያምጣ» ስላሉ አመጣሁ። የይሁዳን ገመድ ትቼላቸዋለሁ፣ የሌሊት ወፏንም። አንዷን ብቻ ይመልሱልኝ፦ ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ ስንት ዓመት ነው? ዘፍጥረትን ልያዝ ወይስ ኩፋሌን? ሁለቱም ቤቴ አሉ። መልሱ ሲደርሰኝ ለአክስቴ ልጅም እልክላታለሁ።